አርባ ስምንት ሰዓት ከየት ይቆጠራል?

ከመቱ ተነሥቶ ጎሬን ካለፈ በኋላ ወደ ጋምቤላ የሚወርድ መንገደኛ ቡሬ ላይ ጥቂት ማረፍ ልማዱ ነው። ቡሬ ስንል የኢሉባቦሯን ማለታችን ነው እንጂ የጎጃሟን አይደለም፤ ይህንንም የምናስታውሰው አንድ የሥራ ባልደረባችን «ቡሬ ለመሄድ ምነው በጅማ በኩል ዞራችሁ?» ሲል ስለ ተሣለቀብን ነው። ከዚህች ከተማ ወዲያ ደጋው ያልቃል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ባሮ ሜዳ ያዘቀዝቃል፤ ጋቢ ደርቦ የተነሣው ሰው ጋቢውን አጥፎ ጭኑ ላይ ያኖራል፤ ከቡናው ጥላ ወደ ቆላው ሙቀት ለመድረስ የሚፈጀው ጥቂት ሰዓት ነው።

ጥንት ግን የቀናት ጉዳይ ነበር። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ከተፈቀደ ወዲህ፣ ጋምቤላ የምዕራብ ኢትዮጵያ የወንዝ በር ሆነች። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ መርከብ ከሱዳን በኩል ይመጣል፤ ጨውና ጨርቅ ያራግፋል፤ ቡናና ሰም ይጭናል። ያ ሁሉ ቡና ከጎሬ ተነሥቶ በበቅሎ ጀርባና በሰው ትከሻ በቡሬ በኩል ይወርድ ነበር። ጣቢያው ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ እስኪመለስ ድረስ ቡሬ የሲራራ ነጋዴ ማደሪያ ሆና ኖራለች።

በእንዲህ ያለች የመተላለፊያ ከተማ የመንግሥት ዐይን መተከሉ አያስደንቅም። ዛሬም በዚህ መንገድ ቡና ይጓዛል፤ መሸኛ ያለውም የሌለውም። በወሰን በኩል ደግሞ የጦር መሣሪያ ሾልኮ እንደሚገባ የማያውቅ የአካባቢው ሰው የለም። ስለዚህ ኬላ አለ፤ ፍተሻ አለ፤ መታወቂያ ማሳየት አለ። እኛም ባለፈው ጉዟችን ሁለት ጊዜ ከመኪና ወርደን እጃችንን ዘርግተን ተፈትሸናል። ያን ጊዜ አጠገባችን ቆመው የሚፈተሹ አንድ የቡና ነጋዴ ዞር ብለው፣ «ይፈትሹ፤ ደግ አደረጉ። ባይፈትሹ ኖሮ በዚህ መንገድ ገንዘብ ይዞ ማን ደፍሮ ይሄድ ነበር?» አሉን።

ይህን ቃል በመጀመሪያ ማስቀመጣችን ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ሰው መብት የሚጽፍ ወጣት ብዙውን ጊዜ ፖሊስን ከሰማይ እንደ ወረደ መዓት አድርጎ ይሥላል፤ ስለ ጸጥታ የሚጽፈው ሹም ደግሞ መብትን የወንበዴ መደበቂያ ጫካ ያስመስለዋል። ነጋዴው ከሁለቱም ወገን አልነበሩም። ፍተሻውን ወደዱት። ነገር ግን ቡሬ ገብተን ቡና ስንጠጣ ስለ ሌላ ነገር አጫወቱን። ቡና ሻጩ ገበሬ በገበያ ላይ የሚፈራው ሚዛንን ራሱን ሳይሆን ገዢው ብቻውን የሚያነበውን ሚዛን ነው፤ መርፌው ወደ ሻጩም ዞሮ ሲታይ ግን ኪሎው ቢያንስ እንኳ ጠብ አይነሣም አሉን። እሳቸው የተናገሩት ስለ ቡና ነው። እኛ ግን ስለ ፖሊስ ሥልጣን ልንጽፍ ያሰብነውን ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ በሚዛኑ መርፌ በኩል ማየት ጀመርን።

የሕጎቻችንን አንቀጾች በተርታ ያነበበ ተማሪ አንድ ቁጥር ተደጋግሞ ያገኛል፤ 48 ሰዓት። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ማንም ኢትዮጵያዊ ከሕግ ውጭ እንዳይያዝና እንዳይታሰር፣ ቤቱ እንዳይበረበር፣ የደብዳቤው ምስጢር እንዳይደፈር ደንግጎ ነበር፤ የሰዓት ገደብ ግን አላስቀመጠም። ገደቡ የመጣው በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ በወጣው ሕገ መንግሥት በ51ኛው አንቀጽ ነው። የተያዘ ሰው ሁሉ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ዘንድ ይቅረብ አለ። ሕግ አርቃቂዎቹ የኢትዮጵያን መንገድ ያውቁት ነበርና ወዲያው አንድ ነገር ጨመሩበት፤ ሰውየው የተያዘበት ስፍራ ከፍርድ ቤቱ በእግር ብቻ የሚኬድበትና ከ48 ሰዓት የማያንስ ጉዞ የሚጠይቅ እንደ ሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ጊዜውን ሊያራዝመው ይችላል። በ1954 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በ29ኛው አንቀጽ ይህንኑ መንገድ ተከተለ፤ የአካባቢው ሁኔታና መገናኛው እንደ ፈቀደ ይሁን፣ ለጉዞ የሚሆነውም ጊዜ ከ48ቱ ሰዓት ውስጥ አይግባ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት እንኳ በ19ኛው አንቀጹ 48 ሰዓቱን ጠብቆ፣ ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚያስፈልገውን ጊዜ ከሒሳቡ አውጥቶታል።

ይህ የመንገድ ነገር የተጻፈው እንደ ቡሬ ላሉ ስፍራዎች ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። በበቅሎ ዘመን በዚህ ዳገት ላይ የተያዘ ሰው ዳኛ ፊት ለመድረስ በጭቃ፣ በጫካና በወንዝ ማለፍ ነበረበት፤ አጃቢው ፖሊስም እንደ እስረኛው በእግሩ ነው የሚሄደው። ያንን ጊዜ ከሒሳብ ማውጣት ለፖሊሱም ፍርድ ነበር። ዛሬ ግን ቡሬ የወረዳ ከተማ ናት፤ ፖሊስና ፍርድ ቤት በአንድ ከተማ ይኖራሉ። መኪና በየቀኑ ይመላለሳል፤ ስልክ በየሰዉ እጅ አለ። መንገዱ አጥሮ ሳለ እስረኛው በ48 ሰዓት የማይቀርብበት ምክንያት ሌላ ስም አውጥቶ መጥቷል። የዛሬው ተራራ ስሙ ቅዳሜና እሑድ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አላወቅነውም። ተማሪ ሳለን ነው። ከተማውን አንጠራውም፤ ቡሬ እንዳልነበረ፣ ኢሉባቦርም እንዳልነበረ ግን እንመሰክራለን። ዓርብ ማታ ሦስት ሆነን ከጥናት ስንመለስ ሁለት ፖሊሶች አስቆሙን። በዚያ ሳምንት በሰፈሩ ሱቅ ተዘርፎ ነበርና ምሽት የሚዞረውን ሁሉ ይጠይቃሉ። ከሦስታችን አንዱ ብቻ መታወቂያ ይዟል። «ጣቢያ ድረስ» ተባልን፤ ሄድን። ተረኛው ሳጅን ክፉ ሰው አልነበረም። ጅባ ጨመረልን፤ የአንዱ ጓደኛችን እናት በማግስቱ እንጀራ ሲያመጡ አልከለከለም። መቼ ዳኛ ፊት እንደምንቀርብ ስንጠይቀው ግን በጣቶቹ እየቆጠረ፣ «ዛሬ ዓርብ መሸ፤ ነገ ቅዳሜ ነው፤ ከነገ ወዲያ እሑድ ነው፤ ዳኛ ሰኞ ይገባል» አለን። እንደ ቀልድ ነበር የተናገረው። እኛም ሕግ እንደዚያ የሚል መስሎን ዝም አልን።

ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዳኛም ሳናይ «ሂዱ» ተባልን። ንብረታችንን ስንቀበል መዝገብ ላይ ፈረምን፤ ያን ጊዜ ዐይናችን አንድ ነገር አየ። የተያዝንበት ቀንና ሰዓት ተጽፏል፤ ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ይላል። እንግዲህ በመዝገቡ መሠረት የታሰርነው ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ዓርብ ሌሊትን፣ ቅዳሜንና እሑድን የት እንዳሳለፍን የሚናገር ወረቀት የለም። ከሦስታችን ለሁለታችን ነገሩ ኋላ መሣቂያ ሆኖ ቀረ። ሦስተኛው ግን ቅዳሜ ጠዋት ፈተና ነበረበት። ለመምህሩ ታስሬ ነበር ቢል ማስረጃ አምጣ ተባለ፤ ማስረጃው ደግሞ ሰኞ ነው የሚለው። ያንን ትምህርት በሚቀጥለው ዓመት ደገመ።

ብዙ ጊዜ አስበንበታል። ሳጅኑ በጥፊ አልመታንም፤ አልሰደበንም። ያደረገው ሁለት መሥመር መጻፍ ብቻ ነው። ያቺ የመዝገብ ቀለም ግን 48 ሰዓት የሚባለውን መብት ከሥሩ ነቀለችው፤ ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ሰው ሲያዝ መሆኑ ቀርቶ ብዕር ሲነሣ ሆነ። ሕገ መንግሥቱ በዚያው በ19ኛው አንቀጽ፣ ፖሊስ በጊዜው ካላቀረበኝ ፍርድ ቤት አካሌን ነጻ ያውጣልኝ ብሎ የመጠየቅ መብት ለእስረኛው ሰጥቷል። ነገር ግን መዝገቡ ሰኞ ጠዋት ካለ ዳኛው ምን ይፍረድ? ስለ በዓል ቀንም ቢሆን አንቀጹ አንድም ቃል አልተናገረም። ከሒሳብ የወጣው መንገድ ነው፤ እሑድ አይደለም። ፍርድ ቤቶቻችን በክረምት ዕረፍት ተረኛ ችሎት ማቆም ያውቁበታል። ተረኛ ሐኪም በሌሊት አለ፤ ለመብራት እንኳ ተረኛ ሠራተኛ አለ። የእሑድ ተረኛ ዳኛ በየወረዳው ለማቆም የሚጠይቀው ወጪ ያን ያህል የሚከብድ ሆኖ አልታየንም።

አባቶቻችን ይህን ነገር ሳያስቡበት የኖሩ አይምሰለን። «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው፣ ዱላ ያነሣ እንኳ ቢሆን፣ እጁን ይመልስ ነበር፤ ወራጅ ውሃም ይቆምለታል ይባላል። ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ተቋጥሮ ወይም በሰንሰለት ተያይዘው በቁራኛ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ዛሬ ስናስበው የሚያሳፍር ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ቁራኛ አንድ በጎ ነገር ነበረው፤ አሳሪው ከእስረኛው እኩል ስለሚታሰር ጉዳዩ ቶሎ እንዲያልቅ ይፈልጋል። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባለው ሥርዓት ደግሞ ከዚህ ይከፋል። ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር የአገሩ ወንድ ሁሉ አንድ ስፍራ ተሰብስቦ፣ ወንጀለኛው በስም እስኪነገር ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር። በምስጢር የሚጠቁመው ሰው «ወፍ» ይባላል። ወፏ ጥፋተኛውን ጠቁማ አገር ያረፈበት ጊዜ አለ፤ የቆየ ቂም ያላት ወፍ የጎረቤቷን ስም የጠራችበትም ጊዜ አለ። አሰሳ በጅምላ፣ ጥቆማ በስውር የሚሉት ነገር ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ እንዳልሆነ ለማስታወስ ያህል ነው ይህን ማንሣታችን።

ቡሬ ላይ ካገኘናቸው ሰዎች አንዱ በጡረታ የሚኖሩ የፖሊስ መኮንን ናቸው። ያገለገሉበትን ስፍራ እንዳንጽፍ ስለ ጠየቁን ትተነዋል። የመጣንበትን ጉዳይ ስንነግራቸው ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ ጥይት የጫነ መኪና እኔ ማዘዣ እስካመጣ ድረስ ሞተሩን አጥፍቶ አይጠብቀኝም» አሉን። ልክ ናቸው። የሚገርመው ግን የሥነ ሥርዓት ሕጉም እንደ እሳቸው ማሰቡ ነው፤ ለዚያውም አንቀጾቹን ከእኛ ይልቅ እሳቸው በቃላቸው ያውቋቸዋል። በ32ኛው አንቀጽ መሠረት ወንጀል ሠርቶ የሚሸሽ ሰው ሲገባበት የታየ ቤት ያለ ማዘዣ ይፈተሻል፤ ከሦስት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃ የሚሆን ነገር ተደብቋል ተብሎ በበቂ ምክንያት ሲጠረጠርና ማዘዣ እስኪመጣ የሚሸሽ ሲሆንም እንዲሁ ነው። ከዚህ ውጭ ያለው ፍተሻ በ33ኛው አንቀጽ ይገዛል፤ ማዘዣው የሚፈለገውን ዕቃ ይናገራል፤ ፍርድ ቤቱ ሌላ ካላዘዘ በቀር ፍተሻው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ይደረጋል።

«ታዲያ ሥልጣን አነሰን ብለው ያውቃሉ?» ብለን ጠየቅናቸው።

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ሥልጣን አላነሰኝም። ያነሰኝ ሌሊት የሚያነሣልኝ የዳኛ ስልክ ነው» አሉን። ከዚያም ሌላ ነገር አጫወቱን። በዚህ መንገድ ላይ የሚያዘው ሰው ኦሮምኛ ተናጋሪ ሊሆን ይችላል፤ ወይም አማርኛ፣ ወይም ከጋምቤላ ለገበያ የወጣ አኙዋክ ወይም ኑዌር። ሕገ መንግሥቱ የተያዘው ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው ይላል። ሳይነገረው የተያዘ ሰው ደንግጦ ይሮጣል፤ የሮጠ ሰው ደግሞ ተጠርጣሪ ይሆናል። «ስንቱን በአስተርጓሚ እጦት ወንጀለኛ አስመስለነዋል» ብለው ቡናቸውን ጨለጡ።

እስከዚህ የተናገርነው በእጅ ስለሚያዝ ሰው ነው። አሁን ደግሞ ሳይያዝ ስለሚጠበቀው እንናገር፤ በእኛ አስተያየት የዘመናችን ከባዱ ነገር ይህ ነውና። በምኒልክ ዘመን የተዘረጋው የስልክ ሽቦ ወደ ምዕራብ እስከ ጎሬ ደርሶ ነበር። ኋላ በየከተማው የመጣው ስልክ በጠቅላይ ማገናኛ ሠራተኛ እጅ ያልፍ ነበርና፣ ምስጢር ያለው ሰው በስልክ አያወራም ነበር፤ ሰሚው ማን እንደ ሆነ ያውቃል። ዛሬ ተናጋሪው ብቻውን ያለ ይመስለዋል።

በአንድ ኬላ ላይ፣ የትኛው እንደ ሆነ ባንጠቅሰው ይሻላል፣ አንድ ወጣት ኪሱ ተፈትሾ ምንም ሳይገኝበት ስልኩን እንዲከፍት ታዘዘ። ከፈተ። ፈታሹ ፎቶግራፎቹን አየ፤ መልእክቶቹንም ከላይ እስከ ታች እያንቀሳቀሰ አነበበ፤ ከእጮኛው የተላከለትን ሲያነብ አጠገቡ ላለው ጓደኛው አሳይቶ ተሣሣቁ። ወጣቱ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ስልኩ ተመለሰለትና መኪናው ሄደ። ስድብ የለ፤ ድብደባ የለ፤ መዝገብም የለ። ወጣቱ እስክንደርስ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም።

ኪስ መፈተሽ ሌላ ነው፤ ደብዳቤ ማንበብ ሌላ ነው። በኪስ ቦምብ ይያዛል፤ በእጮኛ ደብዳቤ ውስጥ ቦምብ የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጹ በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረገውን ግንኙነት ሁሉ እንዳይደፈር ጠብቆታል፤ ገደብ ሊደረግበት የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና በዝርዝር ሕግ ብቻ ነው ብሏል። የፈታሹ የማወቅ ጉጉት ዝርዝር ሕግ አይደለም።

ይህን ጥያቄ ሌላውም አገር ተጋፍጦታል። በአሜሪካ አገር የፌዴራል መርማሪዎች በሕዝብ የስልክ ሣጥን ላይ ከውጭ በኩል መስሚያ ገጥመው የአንድ ቁማርተኛን ንግግር ቀዱ። ሣጥኑ የእርሱ ቤት አይደለም፤ በሩንም አልሰበርንም ሲሉ ተከራከሩ። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1960 ዓ.ም. በሰጠው ፍርድ፣ ሕገ መንግሥቱ የሚጠብቀው ሰውን እንጂ ቦታን ብቻ አይደለም፤ በር ዘግቶ የሚናገር ሰው ንግግሩ እንዲጠበቅለት ይገባል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ዳኛ ይጠየቅ አለ። ልብ እንበል፤ ፍርድ ቤቱ መስማትን ፈጽሞ አልከለከለም። ማዘዣ አውጡ ነው ያለው።

የእኛም ሕግ ማዘዣን ያውቃል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ስልክ ለመጥለፍ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል ይል ነበር። በሌላ በኩል ግን ድንገተኛ ፍተሻ በፖሊስ ኃላፊው ፈቃድ ብቻ እንዲደረግ ፈቀደ፤ በሥነ ሥርዓቱ ሕግ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ የተወሰነውን የምርመራ ቀጠሮም ከ28 ቀን እንዳያንስ አድርጎ እስከ አራት ወር አደረሰው። ሂውማን ራይትስ ዎች በ2006 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ የተያዙ ሰዎች በምርመራ ጊዜ ከቤተ ዘመዶቻቸው ጋር ያደረጉትን የስልክ ንግግር እንዲሰሙ ይደረግ እንደ ነበርና የማዘዣው ነገር ብዙ ጊዜ እንደማይታይ ገልጿል። ያ አዋጅ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ሕግ የለንም ማለት አንችልም።

ነገር ግን የሁለቱን ፍጥነት አንባቢያችን ያነጻጽሩልን። የመንግሥት ጆሮ ዛሬ ከአዲስ አበባ ቡሬ ለመድረስ ቅጽበት ይበቃዋል። የቡሬው ሰው አቤቱታ ግን አሁንም ሰው ይዞት ይሄዳል፤ ጸሐፊ ይፈልጋል፤ ሰኞን ይጠብቃል። በእጅ የተያዘ ሰው ቢያንስ መያዙን ያውቃል፤ እናቱም እንጀራ ይዛ ትመጣለች። ስልኩ የተጠለፈበት ሰው ግን የሚያውቀው ነገር ስለሌለ የሚከራከርበትም ነገር የለውም፤ 48 ሰዓት የሚቆጠርለትም አይደለም። ስለዚህ ለእርሱ ሊቆምለት የሚችለው ማዘዣውን የሚፈርመው ዳኛ ብቻ ነው። ያ ዳኛ የቀረበለትን ወረቀት ሳያነብ የሚፈርም ከሆነ ሚዛኑን የሚያነበው ገዢው ብቻ ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ራሳችንን መቃወም አለብን። ሁሉም ነገር ይጻፍ፣ ይመዝገብ ብለናል፤ መጻፍ ብቻውን ግን አያድንም። ደርግ ጸሐፊ ነበር። በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የተቋቋሙት ቀበሌዎች የነዋሪውን መግቢያና መውጫ ይመዘግቡ ነበር፤ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግም የመዘገቡት ቀበሌዎች መንገድ መሪ ሆኑ። ኋላ ልዩ ዐቃቤ ሕግ የደርግን ባለሥልጣኖች ሲከስስ ብዙውን ማስረጃ ያገኘው ራሳቸው ፈርመው ካስቀመጡት ወረቀት ነው። ወረቀቱ ሞልቶ ነበር፤ በጊዜው ከፍቶ የሚያነበው ነጻ ዳኛ ነው የጠፋው። የሞቱት ከሞቱ ከብዙ ዓመት በኋላ መዝገቡ ተገለጠ።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅን በአጭሩ እንለፈው፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋልና። በ2009፣ በ2010፣ ስለ ኮሮና በ2012፣ በ2014 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ፣ በ2015 መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል ታውጇል። ስለ መያዝና ስለ ግል ሕይወት የሚናገሩት 19ኛውና 26ኛው አንቀጾች በእንዲህ ያለ ጊዜ ሊታገዱ ከማይችሉት ውስጥ አይደሉም። በ2009ኙ አዋጅ ጊዜ መርማሪ ቦርዱ 11,607 ሰዎች መያዛቸውን በኅዳር ወር አስታውቆ ነበር። ነገር ግን ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የማያስተውሉት አንድ ነገር በ93ኛው አንቀጽ አለ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጀውን አዋጅ፣ የተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ካለ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ማቅረብ አለበት። ለእስረኛው የተቆረጠው ሰዓት ለሚኒስትሮቹም ተቆርጧል። መርማሪ ቦርዱም የተያዙትን ሰዎች ስምና የተያዙበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ እንዲያደርግ ታዟል።

ይህን ገጽ ከሚያነቡት ብዙዎቹ ገና ከትምህርት ቤት ወጥተው በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ብዕር የጨበጡ ወጣቶች መሆናቸውን እናውቃለን። አንዳንዶቹ ዐቃቤ ሕግ ናቸው፤ አንዳንዶቹ የጸጥታ ጽሕፈት ቤት ባልደረቦች፤ ጥቂቶቹም ዳኞች። ጓደኛችን ፈተናውን ያጣው በጨካኝ ሰው እጅ ወድቆ አይደለም። በእናንተ ዕድሜ ባለ፣ እንቅልፍ በተጫነው፣ አለቃው ሰኞ ጠዋት የቆየ እስረኛ በመዝገብ ላይ እንዳያይ በፈለገ አንድ ሳጅን ነው። ያ ሳጅን ዓርብን ዓርብ ብሎ ቢጽፍ ኖሮ አለቃው ይቆጣው ነበር ይሆናል። ያን ቁጣ ማን ይቀበልለት ነበር? ይህ ጥያቄ ለአለቆቹ ነው።

ከቡሬ ከመነሣታችን በፊት ጡረተኛውን መኮንን ደግመን አየናቸው። በሥራ ዘመናቸው ስለ ሰዓቱ ምን ያደርጉ እንደ ነበር ጠየቅናቸው። «እኔ የማደርገው ቀላል ነገር ነበር፤ ሰው ሲመጣ የግድግዳውን ሰዓት አሳየውና ስንት ሰዓት ነው እለዋለሁ። እሱ የነገረኝን እጽፋለሁ፤ ከጎኑ ጣቱን ያኖራል። ሰዓት የማያነብ ከሆነ አብሮት የመጣውን እጠይቃለሁ» አሉን። ይህን እንዲያደርጉ ያዘዛቸው ሕግ ወይም ደንብ ነበረ ወይ አልናቸው።

«የለም። አንድ ጊዜ እኔው ራሴ ታስሬ ነበር» አሉና ስለዚያ ሌላ አልጨመሩልንም።

መኪናችን ሊነሣ ሲል ፈታሹ ገብቶ መታወቂያችንን ጠየቀ። አየው፤ ፊታችንንም አየ፤ መልሶ ሰጠን። ሰዓታችንን ስናይ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ነበር።